14ኛው ቀን የማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስላልታቀደ እርግዝና ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። «የእውቀት ማነስና ቸልተኝነት» የምትለዋ ንዑስ ርዕስ ገና ከመጀመሪያው ደሜን አፍልታው ነበር። ይሁን፣ እውቀቱን ሊያካፍሉን ነው ብዬ ቀጠልኩ። ከዚያ በሳጥን አድርጋችሁ ያወጣችኋት ምክር መጣች። ሴት የምታረግዘው የወር አበባዋ በጀመረ በ14ኛው ቀን አካባቢ ነው፣ ደሙ እንደቆመ ያሉት ቀናት አያሰጉም። እሰይ! የእውቀት ማነስ የሚታከመው እንዲህ ነው?

በእርጋታ ላስረዳ። 14 የሚለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። ግን የሚቆጠረው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው። እንቁላል የሚወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ዑደቷ 28 ቀን ከሆነ በእርግጥም መሃል ላይ ይውላል። 24 ከሆነ ግን ወደ 10ኛው ቀን ይመጣል፣ 35 ከሆነ ደግሞ ወደ 21ኛው ይሄዳል። የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ እንደሚችል ደግሞ ጨምሩበት። እንግዲህ ባለ 24 ቀኗ ሴት ደሟ በ6ኛው ቀን ሲቆም፣ «አያሰጋም» ብላችሁ የሸኛችኋት ቀጥታ ወደሚያሰጋው ሳምንት ነው።

እኔን የመሰለችውስ? የኔ ፔሬድ እንዳሻው ነው የሚመጣው፤ አንዱን ወር ይቸኩላል፣ ሌላውን ወር ደብዛው ይጠፋል። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ምክር ልጠይቃት የሄድኩባት ባለሙያ የኪስ ካላንደር አወጣች፣ ከ11ኛው እስከ 17ኛው ቀን በቀይ እስክሪብቶ ከበበችልኝ፣ «ከዚህ ውጪ ነፃ ነሽ» ብላ ሸኘችኝ። ስንት ቀን ነው የሚቆይብሽ፣ ይዛባብሻል ወይ፣ ብሎ ነገር የለም። ሦስተኛው ልጄ ከቀዩ ክብ ውጪ ተፀነሰ። ልጄ ነፍሴ ነው፣ እሱን ተዉልኝ። ግን ከዚያ በኋላ ከዘመድ አዝማዱ ያልሰማሁት ነገር የለም፤ «ቸልተኛ» ከሁሉም ቀላሏ ነበረች። ዛሬ ደግሞ ከእናንተ ሰማኋት።

ቀን መቁጠርን አልናቅኩም፣ በወጉ ለሚይዘው ሰው ይሠራል። ግን በብዛት የሚመከረው የቆጠራ ዘዴ ራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ዑደቷ ከ26 እስከ 32 ቀን ለሆነ ሴት ብቻ፣ ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን ጥንቃቄ። 12 ቀን ሙሉ ማለት ነው። እናንተ ግን በአንዲት «አካባቢ» ገላገላችሁን።

ደግሞስ ያረገዘ ሁሉ መከላከያ ያልተጠቀመ ነው ያላችሁ ማን ነው? በተለመደው አጠቃቀም ፒልስ ከሚወስዱ 100 ሴቶች በዓመት 7 ያህሉ ያረግዛሉ። አንዷ ረስታ፣ አንዷ አስመልሷት፣ አንዷ ደግሞ ሪፋምፒሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የፒልሱን ጉልበት እንደሚቀንስ የሚነግራት አጥታ። ይህችንም ቸልተኛ በሏታ! ወንድ የሚባል ፍጡር ደግሞ በዘገባው ውስጥ አንዴም አልተጠቀሰም። በነፋስ ነው መሰለኝ የምናረግዘው።

እርማት እጠብቃለሁ። ሳጥኗ በነበረችበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን። ዛሬ ማታ እሷን አምና ቀን የምትቆጥር ሴት አትጠፋምና ለሳምንት አታቆዩት።