የታሪክ ክበብ፦ ሁለት ባዶ ወንበሮች

ክበባችን ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የተሰበሰበው በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ዙሪያ ነው፤ በቻይናዊው ዲፕሎማት በዌሊንግተን ኩ። መጀመሪያ ላይ «እኚህን ሰው ከእኛ ጋር ምን አገናኛቸው?» ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ራሳቸው እንዲደርሱበት ተውኩት።

ኩ የተወለዱት በ1888 እ.ኤ.አ. ነው (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ተመርቀው በ1912 አገራቸው ሲገቡ የፕሬዚዳንት ዩዋን ሺካይ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ሆኑ። በ1915 አገራቸውን ወክለው ዋሽንግተን ሲሾሙ ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ያለቀው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተካሄደው የ1919 የፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ ነው። ቻይና ከአሸናፊዎቹ ጋር ብትሰለፍም፣ ኃያላኑ ጀርመን በቻይናዋ ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የነበራትን መብት ለጃፓን አሳልፈው ሰጡ። ኩ ሻንዶንግ የፈላስፋው የኮንፊሽየስ የትውልድ ስፍራ፣ ለቻይናውያንም ቅድስት ምድር እንደሆነች ተከራክረው ነበር። ሰሚ አላገኙም። ቬርሳይ ላይ ውሉ ሲፈረም የቻይና መልእክተኞች ሳይገኙ ቀሩ።

ተማሪዎቹ ይህንን በወላጆች በዓል ላይ በተውኔት አሳዩ። ስም ጠሪዋ «ቻይና» ብላ ጠራች፤ መልስ የለም። ደግማ ጠራች። ሁለቱ ወንበሮች ባዶ ናቸው፣ ብዕሩም በነጩ ጨርቅ ላይ እንደተጋደመ ነው። ከፊት የተቀመጡ የ9ኛ ክፍል ልጆች ተዋንያኑ የዘገዩ መስሏቸው ወደ በሩ ዞሩ። በመምህርነት ዘመኔ አዳራሹ እንዲያ ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም። (ሻንዶንግ በ1922 በድርድር ለቻይና ተመልሳለች።)

የአምባሳደርነት ዘመናቸውንና በ1956 ከዋሽንግተን ከተነሡ በኋላ በታይዋን የነበሩት የፕሬዚዳንት ቺያንግ ካይሼክ ከፍተኛ አማካሪ የሆኑበትን ጊዜ ቶሎ አለፍነው፤ ሄግ ይጠብቀን ነበርና። ኩ ከ1957 እስከ 1967 መቀመጫው ሄግ የሆነው የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባልነታቸው፣ ደቡብ አፍሪካ ታስተዳድራት በነበረችው በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ (በዛሬዋ ናሚቢያ) ስለሚፈጸመው አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካን በ1960 የከሰሱት እዚያው ነው።

በ1962 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል፣ ኩ ይህን ከደገፉት ስምንት ዳኞች አንዱ ነበሩ። በ1966 ግን ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወሳኝ ድምፅም ክሱን ውድቅ አደረገው። የክበባችን ጸሐፊ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍላ ስሞቹን ጻፈች። በሐሳብ ከተለዩት ሰባት ዳኞች መጀመሪያ የሰፈረው የኩ ስም ነው። በመስከረም «ምን አገናኛቸው?» ብሎ የጠየቀው ልጅ ተነሥቶ ጠመኔውን ከእጇ ተቀበለና ከስማቸው ሥር አሰመረበት።