ለአባ «እሺ» ከማለትሽ በፊት

ሰላም የኔ እህት፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ይመስገነው ደህና ነን። ድሬም እንደምታውቂያት ናት። ሙቀቷ ምሕረት የለውም፤ ሰዉ ማታ ማታ ግቢ አንጥፎ ይተኛል። ለምን ይህን ያህል ተጠፋፋን የሚለውን እንተወው። ሁለታችንንም ኑሮ ይዞን ነው፣ አለቀ።

የድምፅ መልእክትሽን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደግሜ ሰማሁት። ልታገቢ ነው፣ እልል ብያለሁ! የሐረር ልጅ፣ ያውም ካቶሊክ! እናትሽ ምን አሉ? ግን መሃል ላይ ቀለል አድርገሽ ያለፍሻት ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። «ልጅ አንፈልግም፣ ተስማምተናል። አባ ሲጠይቁን እሺ ብለን እናልፋለን» አልሽ። አቦ፣ እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እናውራ።

መጀመሪያ ግን እኔ ከነዚያ ሴትዮዎች ጋር አልተሰለፍኩም። «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ይመርቁሻል፤ በዓመቱ ደግሞ ሆድሽን ማየት ይጀምራሉ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይሉሻል፤ የዳይፐር ዋጋ ግን አይጠይቁም። እናትሽ ስንት ጊዜ ጠብቀው፣ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለው ነው አንቺን ያገኙት። ታኅሣሥ 19 አዝለውሽ ሄደው፣ ጥላ ይዘው ስለታቸውን አገቡ። ከዚያ በኋላ ወንድሞችሽ በላይ በላይ መጡ፤ ያሳደግሻቸው ደግሞ አንቺ ነሽ። ትንሹን ጀርባሽ ላይ አዝለሽ፣ ደብተርሽን ቡና ረከቦቱ ላይ ዘርግተሽ የቤት ሥራ ስትሠሪ አይቻለሁ። ሲያለቅስ በግራ እጅሽ መታ መታ ታደርጊው ነበር፣ በቀኝሽ ትጽፊያለሽ። «ልጅ አሳድጌ ጨርሻለሁ» ብትይ ማን ይፈርድብሻል? እኔ አልፈርድም።

ችግሬ «እሺ ብለን እናልፋለን» የምትለዋ ላይ ነው።

በእኛ በካቶሊኮች ሥርዓት ከቃል ኪዳኑ በፊት ካህኑ ይጠይቋችኋል። ልጆችን ከእግዚአብሔር በፍቅር ለመቀበል፣ በክርስቶስና በቤተ ክርስቲያን ሕግ ለማሳደግ ዝግጁ ናችሁ ወይ ይሏችኋል። ይህ ለወግ ያህል የሚባል ነገር አይደለም። በፈረንጆች 1983 የወጣው የቀኖና ሕግ ቁጥር 1101 ላይ ነገሩ ተጽፏል። ከተጋቢዎቹ አንዱ እንኳ ከጋብቻው ዋና ነገሮች አንዱን ቆርጦ ካስወጣ፣ በአፉ ምንም ቢል ጋብቻው ከመነሻው አይጸናም። ለልጅ በሩን ለዘለዓለም መዝጋት እዚያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አባን «እሺ» ብላችሁ ስትወጡ፣ ድግሱ ይበላል፣ ፎቶው ይነሣል፣ በቤተ ክርስቲያን ዓይን ግን ጋብቻ ላይኖር ይችላል። ለእጮኛሽ ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም፤ ሃይማኖቱ ነው።

አሁን አትደንግጪ። ማዘግየትና መዝጋት አንድ አይደሉም። «አሁን አቅም የለንም» «መጀመሪያ ቤት ይገኝ» «ጤናዬ ይስተካከል» ማለት ጋብቻውን አያፈርስም። ስንት ልጅ የሚለውም ቢሆን ቁጥር የሚሰጥሽ የለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ባወጣው ሰነድ፣ ኑሯቸውን፣ ጤናቸውንና ያሉትን ልጆች አይተው በእግዚአብሔር ፊት የሚወስኑት ባልና ሚስቱ ራሳቸው ናቸው ይላል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 ከማኒላ ሲመለሱ አውሮፕላን ላይ፣ ጥሩ ካቶሊክ ለመሆን እንደ ጥንቸል መውለድ የለብንም ብለዋል። ባለቤቴ ይህችን በጣም ይወዳታል፤ አክስቱ «ሦስተኛውስ?» ባሉት ቁጥር ጥንቸሏን ይጠቅሳል።

የሚከብደው መንገዱ ነው። ኪኒኑ፣ መርፌው፣ ሉፑ፣ ኮንዶሙ፣ ሁሉም አይፈቀድም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ ሐምሌ 25 ቀን 1968 (በፈረንጆች) በተፈረመው «ሑማኔ ቪቴ» በተባለው መልእክታቸው ቁርጡን ተናገሩ። ከዚያ በፊት ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመ ኮሚሽን ነበር፣ አብዛኞቹ አባላቱም ይፈቀድ የሚል አስተያየት ሰጥተው ነበር። እሳቸው አልተቀበሉም። ሩካቤ ሥጋ ባልና ሚስትን አንድ ማድረጉና ለሕይወት ክፍት መሆኑ በሰው እጅ አይለያይም አሉ። የተፈቀደው የሴቷን ተፈጥሯዊ ዑደት ተከትሎ፣ በቂ ምክንያት ሲኖር፣ በሚያስረግዙት ቀናት መታቀብ ነው። ብዙ ካቶሊክ ይህን እንደማይከተል አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ጓዳችን ብትገቢ ሁሉም የየራሱ ታሪክ አለው።

እኛ እንሞክረዋለን። አልጋዬ ራስጌ አንድ የተማሪ ደብተርና ቴርሞሜትር አለ። ጠዋት ሳልነሣ፣ ሳላወራ፣ ሙቀቴን እለካለሁ። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግማሽ ዲግሪ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከማሕፀን የሚወጣውንም ፈሳሽ እያየሁ እጽፋለሁ። ድሬ ውስጥ ደግሞ ወባው አለ፣ ደንጊው አለ፤ አንድ ቀን ትኩሳት ከያዘኝ የዚያ ወር ሰንጠረዥ ገደል ገባ። ባለቤቴ ደብተሩን «ትራፊክ» ይለዋል። ማታ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ መብራቱ ምን ይላል?» ይለኛል። ቀይ ከሆነ ጋቢውን ይዞ ግቢ ይወጣል። አንዳንዴ እንስቅበታለን፣ አንዳንዴ ያጣላናል። ሮም ያሉ ያላገቡ ሰዎች ይህን ሁሉ ስለ እኔ እንዴት ወሰኑ ብዬ የተበሳጨሁበት ሌሊት አለ። ግን ሸክሙ በእኔ ላይ ብቻ አለመውደቁን እወድለታለሁ። መርፌውን የምወስድ እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ እሱ ቀኑን እንኳ አያስታውስም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትሳሳቺ፤ መካንነት ጋብቻን አያግድም፣ አያፈርስምም። ልጅ ሳይወልዱ በተክሊል የኖሩ ባልና ሚስት ጋብቻቸው ሙሉ ነው። የሚጠየቀው ፈቃደኝነት እንጂ ውጤት አይደለም።

አንቺ ኦርቶዶክስ ስለሆንሽ ከጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱን አባ ይጨርሱላችኋል። እጮኛሽ ደግሞ ልጆቹ በካቶሊክ እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የሚችለውን ሁሉ ለማድረግ ቃል ይገባል። አንቺ ቃል አትገቢም፣ ግን እንዲነገርሽ ግድ ነው። ልጅ አልፈልግም ላለች ሴት ክርስትና የት ይነሣል ብሎ ማውራት ያስቃል፣ አውቃለሁ። ብቻ ቁልቢን ለለመዱት እናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ከሰው አይስሙት።

በመልእክትሽ ውስጥ «ተስማምተናል» ያልሽው አንቺ ነሽ። እሱ በራሱ አፍ ምን አለ? የሐረር ወንድ ፍቅር ሲይዘው ሁሉንም እሺ ይላል። አንድ ቀን ብቻችሁን ስትሆኑ ጠይቂው፤ ዝም ካለ ዝምታውን እንደ መልስ አትውሰጂው፣ ድገሚበት። ከዚያ ሁለታችሁም ለአባ ፊት ለፊት ንገሯቸው፤ የወንድሞችሽን ነገር፣ ድካምሽን፣ ፍርሃትሽን። «አልፈልግም» ነው ወይስ «አሁን ፈራሁ» ነው? ይህን እኔም ከሩቅ ሆኜ ልለይልሽ አልችልም። አባ ሠርጉን እናቆየው ቢሉ እንኳ፣ የጥሪ ካርዱ ከመበተኑ በፊት መሆኑ ይሻላል።

የሠርጉን ቀን ስትቆርጡ ወዲያው አሳውቂኝ፤ ከባለቤቴ ጋር ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ አለብን። ደውዪልኝ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ከዚያ በፊት ልጆቹ ስልኩን አይሰጡኝም።

እወድሻለሁ፣
ያንቺው