ቆዳ ሐኪም ጋ ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ውጭ አገር ቋንቋ ሳይችሉ ቤተሰብ ይዘው ቆዳ ሐኪም ጋ ለሚሄዱ አንድ ነገር ማለት ፈልጌ ነው። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን አስተርጓሚ እናደርጋለን። እባካችሁ ይቅር። እናት ብልቷ አካባቢ ስለወጣ ሽፍታ በ10 ዓመት ልጇ አፍ እንዴት ትናገር? ትደብቃለች፣ ሐኪሙም ግማሹን ብቻ ሰምቶ መድኃኒት ያዛል። ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በስልክም በቪዲዮም የሚያስተረጉሙ አሉ።

ደግነቱ ቆዳ የሚታይ ነገር ነው። ሽፍታው ሲብስ ፎቶ አንሱት፣ በቀጠሮው ቀን ሽፍታው ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱ ብዙም አይታይም፣ ወደ ሐምራዊ ወይም ጠቆር ወዳለ ቡናማ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ልብ ካላለው ጤነኛውን ቆዳ ከጎኑ አሳዩት።

የምትቀቡትን ሁሉ ከነቱቦው ያዙ፣ ፊት የሚያነጣውን ክሬም ጭምር፣ ምንም አያሳፍርም። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርዱ ጠንካራ ስቴሮይዶች ናቸው) ያለበት ቅባት ስትቀቡ ከርማችሁ ሳትናገሩ ከቀራችሁ፣ ሽፍታው የፈንገስ ከሆነ መልኩን ቀይሮ ሌላ በሽታ ሊመስል ይችላል። ስትወጡም የት፣ በቀን ስንቴ፣ እስከ መቼ እንደሚቀባ በጽሑፍ ተቀበሉ።

አንባቢያችሁ