ሐይቁ በሰኔ ይጎድላል፣ በጀቱም በሰኔ ይዘጋል

ለባሕር ዳር ከተማ ምክር ቤት አባላት፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ጀልባ ማረፊያዎችና ስለ ሐይቁ ዳር ክፍት መሬት ነው። ወቀሳ አይደለም። ነገሩ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ሰኔ አክስቴን ወደ ዘጌ ልሸኝ ወርጄ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏታል። ገበያ ውላ ስኳርና ሳሙና በዘንቢል ይዛለች። ውሃው ሸሽቷል። ጀልባዋ ከድንጋዩ ጠርዝ በጣም ዝቅ ብላ ቆማለች። ባለ ጀልባው ሳንቃ ጣለ፤ ሳንቃው ቁልቁለት ሆነ። ሁለት ጎረምሶች ብብቷን ይዘው አወረዷት። «እንደ ጆንያ ጫኑኝ እኮ!» ብላ ሳቀች። እጇ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በመስከረም እዚያው ቦታ፣ እዚያችው ጀልባ ላይ፣ ማንም ሳይደግፋት ረግጣ ትገባለች።

ጥፋቱ የማንም አይደለም። ጣና በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወጣል፣ ይወርዳል። ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. የውሃ መቆጣጠሪያው ግድብ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ የውሃው ነገር የዝናብ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም የሚጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ትንሽ ሲጎድል ዳሩ ላይ ቶሎ ይታወቃል። ሲሚንቶው ግን አብሮ አይወርድም።

አሁን ወደ በጀቱ ልምጣ። ማረፊያ የሚጠገነው ውሃው ሲሸሽ ነው፤ መሠረቱ የሚታየው ያኔ ብቻ ነው። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ የሰኔ መጀመሪያ። በጀት ግን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ገንዘቡ በሐምሌ ተፈቀደ እንበል። ጥናት፣ ጨረታ፣ ውል እየተባለ ኮንትራክተሩ ሲመጣ ሐይቁ ሞልቷል። ውሃው እስኪወርድ ሲጠበቅ ደግሞ ሰኔ 30 ይደርሳል። የቀረው ብር ተመላሽ ይሆናል፣ ወይም የታወቀው የሰኔ ግዢ ይበላዋል። የሰኔን ግዢ መቼም እኔ አልነግራችሁም። ወንበርና ፕሪንተር ይገዛል፣ ሳንቃው ግን ያው ሳንቃ ነው።

የምጠይቀው ይኼን ነው። የማረፊያው ሥራ በሁለት በጀት ዓመት ተከፍሎ ይያዝ። ዘንድሮ ጥናቱና ጨረታው በበጋ ይለቅ፣ ሲሚንቶው፣ ብረቱና ባለሙያው ሚያዝያ ላይ ዳር ደርሰው ይጠብቁ። የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት ከወዲሁ ይመዝገብ። ቢቻል ደግሞ ድንጋይ ከመከመር ይልቅ ከውሃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ ማረፊያ ይታሰብ። ከሥሩ አየር የያዘ የታሸገ በርሜል፣ ከላዩ ጣውላ፣ ወደ ዳር የሚያገናኝ በማጠፊያ የተያዘ ድልድይ። ረቀቅ ያለ ነገር አይደለም። ለጣና የተገዛችው ትልቋ ጀልባ ጣናነሽ ፪ ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ስትመጣ ሀገሩ ሁሉ በስልኩ ሲከታተላት ነበር። አክስቴን ጀልባ ላይ ማውጣት ከዚያ አይከብድም።

ስለ ክፍቱ መሬት ደግሞ አጭር ነው። ድሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚነዱ ፈረንጆች በመተማ ገብተው፣ ጎንደርን አይተው፣ እዚህ ያድሩ ነበር። መኪናቸው ጣሪያ ላይ ድንኳን ይዘረጋሉ። የሚፈልጉት ደልዳላ መሬት፣ ውሃ፣ ንጹሕ ሽንት ቤትና ዘበኛ ብቻ ነው። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ያ መንገድ ተዘጋ። የእኛም ሰላም ገና አልተረጋጋም። ስለዚህ «የካራቫን ማቆሚያ» ብሎ አሁን ትልቅ ብር የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ እኔ ብሆን አልፈርምም። ግን መሬቱን አትሽጡት፤ አስፋልትም አታልብሱት። ሾላዎቹን ተዉልን። ሽንት ቤቱና የውሃ ቧንቧው ብቻ ይሠራ። ዛሬ ለጀልባ ተሳፋሪው፣ ለጥምቀት እንግዳው፣ እሑድ ልጆቹን ይዞ ለሚወጣው ይሆናል። መንገዱ ሲከፈት ባለ ድንኳኑም እዚያው ያድራል። ከማቆሚያውና ከድንኳኑ የሚሰበሰበው ሳንቲም ደግሞ ለብቻው ተመዝግቦ ማረፊያውን ይጠግን። በአንድ ካዝና ከተደባለቀማ የት እንደገባ ማንም አያውቀውም።

በጀቱን ከማጽደቃችሁ በፊት አንድ ጠዋት ወደብ ውረዱ። መኪናውን ራቅ አድርጉና እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ የዘጌውን ጀልባ ተሳፈሩ። ሳንቃው ላይ ስትወጡ ጫማችሁን አውልቁ፤ ያንሸራትታል።

አክባሪያችሁ፣
የሐይቅ ዳር ነዋሪ