“ታላቅ ነህና ተውላት” አትበይብኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ቀለል አለልሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እምዬ፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን በአዴት በኩል ይዣቸው ሞጣ እመጣለሁ፤ ክረምቱን አንቺ ዘንድ ይከርማሉ። ከዚያ በፊት አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። ፊት ለፊት ልንገርሽ ብል አፌ ይተሳሰርብኛልና ጻፍኩልሽ።

ሁለቱ ይጣላሉ። ማሙሽ 7 ዓመት ሞላው፤ ትንሿ 4። እሱ ይገፋል፣ እሷ ትነክሳለች። አንድ ቀን ክንዱ ላይ የጥርሷን ምልክት ሳይ ልመታት እጄን አነሣሁ። የተነከሰው እሱ ነው፤ እጄን ሲያይ ግን እሱም ፊቱን ሸፈነ። ያን ካየሁ ወዲህ ልጆቼ ላይ እጄን አላነሣሁም።

አሁን መጀመሪያ ለያይቼ አስቀምጣቸዋለሁ። በቁጣ የነደደ ልጅ ምክር አይሰማም። ስሜትን የሚገታው የአንጎላችን የፊተኛ ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ እየበሰለ የሚሄድ ነው፤ በ4 ዓመት ልጅማ ገና ጥሬ ነው። ስለዚህ አጠገቧ ቁጭ ብዬ “ተናደሻል፣ አይደል?” እላታለሁ። መናደዷን አልከለክላትም፤ መንከሷን ግን እከለክላታለሁ። ትንፋሿ እስኪረጋ ሌላ ቃል አልጨምርም። ብዙው ጠብ ደግሞ ከእራት በፊት ሲርባቸው የሚነሣ ነው፤ ቆሎ ቢጤ ቀድሜ ስሰጣቸው ነገሩ ሳይነሣ የሚቀርበት ቀን አለ።

ከዚያ ተራ በተራ ይናገራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። እሷ ስትጨርስ “ምን አለች?” ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ የሰማውን ይነግረኛል። እሷም እንደዚያው። “ማን ጀመረ?” ማለት ትቻለሁ፤ መፍትሔውንም እነሱ እንዲያመጡት እጠብቃለሁ። በቅርቡ በአንዲቷ ብስክሌት ሲጣሉ እኔ ቀን ላካፍላቸው ሳወጣ ሳወርድ፣ ትንሿ “እስከ ዘንባባው እሱ፣ ከዘንባባው መልስ እኔ” አለች። ይኸው እስከ ዛሬ በዚያው ጸንተዋል።

በፈረንጆቹ 2007 የወጣ የካናዳ ጥናት አንብቤ ነበር። ወላጆችን እንዲህ እያደረጉ እንዲያስታርቁ ሲያሠለጥኗቸው፣ ልጆቹ በጠባቸው መካከል ረጋ ብለው መነጋገርና የሌላውን ሐሳብ መረዳት ጀመሩ ይላል። ሳነበው ዓይኔ ላይ የመጣው ግን አባባ ነው። ድንበር የተጋፉ ጎረቤቶችን ዋርካው ሥር አስቀምጠው፣ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ቃል እንዳይተነፍስ ሲያደርጉ። ለአዋቂ ጠብ ያ ሁሉ ትዕግሥት ነበረን። ለእኛ ለልጆች ግን አልነበረም፣ እምዬ።

የእሸቱን ቀን ታስታውሻለሽ? መስከረም ነበር። ፍም ላይ ጠብሼ ያስቀመጥኩትን በቆሎ ወንድሜ ወስዶ በላው፤ እኔም ጭቃ ውስጥ ገፈተርኩት። በልምጭ የተገረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። “ታላቅ ነሽ፣ ተዪለት” አልሽኝ። ያን ቃል ስንት ጊዜ ሰማሁት! እኔ ታላቅ በመሆኔ ቂም ያዝኩ፤ እሱ ደግሞ ካለቀሰ ሁሉም የእሱ እንደሚሆን ተማረ። ሁለታችንም ተጎዳን።

ከሰስኩሽ ብለሽ ግን እንዳታዝኚ። ያን ለት ማታ ከጎተራው ጀርባ ተደብቄ ሳለሁ መጣሽ። ቅቤ ይዘሽ ነበር። ፀጉሬን እያበጠርሽ “እስኪ ንገሪኝ፣ ምን ነበር?” አልሽኝ። ሁሉንም ነገርኩሽ፤ አንድ ቃል ሳትጨምሪ እስከ መጨረሻው ሰማሽኝ። የግርፋቱ ሕመም ወዲያው ጠፋ፤ ያ መሰማት ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ለልጆቼ የማደርገውን ያገኘሁት ከዚያ ማታ ነው።

የምለምንሽም ይህንኑ ነው። ሲጣሉ ማሙሽን “ታላቅ ነህና ተውላት” አትበይብኝ። ወዲያው “ተሳሳሙ” ብለሽም አታስገድጃቸው፤ ይብረዱ። ከዚያ እንደዚያ ማታ አንድ በአንድ ስሚያቸው።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ወንድሜ መሆኑን አውቃለሁ። ወንድምዓለም፣ እዚህ ስትደርስ ድምፅህን ዝቅ አታድርግ፤ እሷም ትስማው። ጭቃ ውስጥ ስገፈትርህ 5 ዓመትህ ነበር፤ እስከ ዛሬም ይቅርታ ጠይቄህ አላውቅም። ይቅር በለኝ።

ናፋቂ ልጅሽ፣
ከባሕር ዳር