ለእማዬና ለማሙሽ፦ ስለ አረቄው ማሽን

ውድ እማዬ፣ ማሙሽ፣ እትዬም፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ ሥራው ግን አለ። እማዬ፣ ያ ሳል ለቀቀሽ? ጭሱ ነው ስልሽ ጉንፋን ነው ትይኛለሽ።

ማሙሽ፣ በቴሌግራም የላክኸውን የማሽን ፎቶ አየሁት። ያምራል። ስቴንለሱ ያብረቀርቃል፣ ሙቀት መለኪያ አለው፣ ከሥሩ "300 ሺህ ብር ብቻ" ይላል። "ብቻ" የምትለዋን የጻፋት ሻጩ ነው ወይስ አንተ? ሙሉውን ላክ ብላችኋል። ሙሉውን አልልክም። ቆይ፣ ስልኩን አትወርውር። ማሽኑ ቢገዛ እኔም ደስ ይለኛል። በእኔ ገንዘብ ብቻ፣ ለአንድ ቤት ብቻ ሲሆን ነው የማይዋጥልኝ።

እዚህ ካየሁት ልጀምር። የምኖርባት ኦበርኪርሽ ጥቁር ጫካ ከሚሉት ተራራ ሥር ያለች የጀርመን ከተማ ናት። እኛ ጋ አረቄ ሲባል አርሲ ነገሌ እንደሚነሳው፣ እዚህም የቼሪና የፕሪም አረቄ ሲባል የዚህ አካባቢ ስም ይነሳል። ጎረቤቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ጓሯቸው ውስጥ ከአባታቸው የወረሱት የመዳብ ማውጫ አለ። ሕጉ እንደሳቸው ላለ ትንሽ አውጪ በዓመት 300 ሊትር ንጹህ አልኮል ይፈቅዳል። በ40 በመቶ ሲታሰብ 750 ሊትር አረቄ ነው። እሳት ከመለኮሳቸው በፊት ቀኑንና የድፍድፉን መጠን ለጉምሩክ ያስመዘግባሉ። ቀረጡም በዚያው ይሰላል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፍሬ ያለው፣ ማሽን የሌለው ገበሬ ድፍድፉን በበርሜል ጭኖ እሳቸው ጋ ይመጣል። ሕጉ እሱንም ያውቀዋል፤ በራሱ ስም በዓመት እስከ 50 ሊትር ንጹህ አልኮል ማስወጣት ይችላል። የማሽኑን ከፍሎ አረቄውን ይዞ ይሄዳል። እህል ተሸክመን ወፍጮ ቤት እንደምንሄደው መሆኑ ነው። በየቤቱ ወፍጮ የተከለ ሰፈር አይታችኋል?

እማዬ፣ አንቺ በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው የምታወጪው። በቀረው ቀን ማሽኑ ቆሞ ሊውል ነው። ብድር ደግሞ ቆሞ አይውልም።

ስለዚህ እንዲህ አስቤያለሁ። እትዬ፣ አብራችሁ ቡና የምትጣጡት ሴቶች 12 ናችሁ። ማሽኑ የ12ታችሁ ይሁን። ባንክ ሂዱ አልላችሁም፤ ገና ከበር "የቤት ካርታ አላችሁ?" ነው የሚሏችሁ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1147 ከብትና ማሽንን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ማስያዝ ይቻላል ይላል። ያንን በተግባር የሚቀበል ቅርንጫፍ ከገጠማችሁ እሰየው።

ለእናንተ የሚሆነው ግን የካፒታል ዕቃ ሊዝ ነው። ሕጉ ከ1990 ጀምሮ አለ፣ በ2005 ተሻሽሏል፣ ክልሎችም ለዚሁ ብለው የፋይናንስ ድርጅት አቋቁመዋል። የተለመደው አሠራር እናንተ የዋጋውን 20 በመቶ ትቆጥባላችሁ፣ እነሱ 80 በመቶውን ይጨምሩና ማሽኑን ራሳቸው ገዝተው ያስረክቧችኋል። ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ባለቤቱ ድርጅቱ ነው። ዋስትናውም ማሽኑ ራሱ ነው። የእማዬ ቤት አይነካም። መጨረሻ ላይ ስሙ ይዞርላችኋል።

የ300 ሺህ 20 በመቶ 60 ሺህ ነው። ለ12 ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 5 ሺህ። የእማዬን 5 ሺህ እኔ እልካለሁ። የሌሎቹን አልከፍልም፤ እቁብ ይግቡበት። ክፉ ሆኜ አይደለም። 60ውንም እኔ ብከፍል ማሽኑ "የጀርመኑ ልጅ ማሽን" ይባላል። ቧንቧው ሲደፈን ማንም እጁን አያስገባም፣ ወደ እኔ ይደወላል። ከልጆቿ አፍ ነጥላ 5 ሺህ ያወጣች ሴት ግን ሌሊት ተነስታም ቢሆን ታጥበዋለች።

ስትፈራረሙ ወለዱን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል? ማሽኑ ቢበላሽ ክፍያው ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ከ12ቱ አንዷ ብትወጣ ድርሻዋን ማን ይሸከማል? ይህን የመጨረሻውን እርስ በርሳችሁ ቀድማችሁ በጽሑፍ ጨርሱት፤ በቡና ላይ የተባለ ነገር ገንዘብ ሲመጣ ይረሳል። ክፍያው በየወሩ እኩል ባይሆን ደግሞ ጥሩ ነው። ጥር ሰርግ አለ፣ ለገናም ለመስቀልም ይሸጣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ክረምት ሲመጣ በቆሎው ይወደዳል። በቆሎ በርካሽ የሚገዛው ምርት ሲገባ ነው፤ ያኔ እጃችሁ ባዶ ከሆነ ማሽኑ ምን ይበላል? መጠየቅ ነውር የለውም።

ደግሞ ለማን ነው የምትሸጡት? እዚህ እስከ 2017 መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የገበሬውን አልኮል በተቆረጠ ዋጋ የሚገዛ የመንግሥት ድርጅት ነበር። ሲዘጋ ገዢ መፈለጉም፣ ጠርሙስ ላይ ስም መለጠፉም የገበሬው ጣጣ ሆነ። እናንተ በጀሪካን ነው የምትሸጡት። ዋጋውንም የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። ብዙ ባወጣችሁ ቁጥር እሱ ዋጋ ቢያወርድባችሁስ? ከመፈረማችሁ በፊት ሁለተኛ ገዢ ይኑራችሁ። ፈቃዱንና ግብሩን ንግድ ጽሕፈት ቤት በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። ሻጩ "ችግር የለውም" ያለው ለሱ ነው።

አተላውንም አትርሱት። ከብት የሚያደልቡት ሲሻሙበት አይደል የምናየው? አረቄው አንድ ቦታ ከወጣ አተላውም አንድ ቦታ ይጠራቀማል። ሽያጩ ለወሩ ክፍያ ይግባ፤ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይወስደው።

አሁን ወደ ጭሱ ልምጣ። ከማሽኑ በፊት ምድጃው ይሠራ። በሦስት ጉልቻ የሚነድ እንጨት አብዛኛው ሙቀቱ ግቢውን ነው የሚያሞቀው። ጫካው እየራቀ፣ የአህያ ጭነቱ እየተወደደ መሄዱን እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ። ዙሪያው የተዘጋ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በጡብና በጭቃ ይሠራል። ለዚህ ብድር አያስፈልግም። የምድጃውን ሙሉ ወጪ እኔ እችላለሁ።

ሁለተኛው ማቀዝቀዣው ነው። እማዬ፣ ሸምበቆው ከማሰሮው አፍ ጋር የሚጋጠምበትን ጭቃ ታውቂዋለሽ። ሲሰነጠቅ እፍ እያለ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ገንዘብሽ ነው። የገንዳው ውሃ ሲሞቅም እንዲሁ፣ እንፋሎቱ አረቄ ሳይሆን ያመልጣል። በርሜል ውስጥ የተጠመዘዘ ቧንቧና ከሮቶ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ያንን ያስቀራል። የሚወጣው ሙቅ ውሃ ለሚቀጥለው ድፍድፍ ይሆናል።

ማሙሽ፣ የጋራዡ ልጅ "የመኪና ራዲያተር ግሩም አድርጎ ያቀዘቅዛል" ያለህን እርሳው። ማቀዝቀዙን ያቀዘቅዛል። የራዲያተር ብየዳ ግን እርሳስ አለበት፣ እርሳሱም ከአረቄው ጋር ይወርዳል። አይሸትም፣ ጠጪውም አያውቀውም፤ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። በዚህ አልደራደርም። ቧንቧው መዳብ ከሆነም ብየዳው እርሳስ የሌለበት ይሁን። መዳቡን ጎረቤቴ የሚወዱት የድፍድፉን የድኝ ሽታ ስለሚይዝላቸው ነው። ሙቀት መለኪያ ግን አይተው አያውቁም። መጀመሪያ የሚወርደውን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተውን፣ በአፍንጫቸው ለይተው ይደፉታል። አንቺን ነው የሚያስታውሱኝ። ማሽን ሻጩ "ሁሉን ራሱ ይለያል" ካላችሁ ሳቁበት።

እንግዲህ እትዬ፣ ሴቶቹን ቡና ጠርተሽ አማክሪያቸው። ከ12ቱ አምስቱ ብቻ እሺ ካሉ በአምስት እናስላው፤ ትንሹን ማሽን እንይ። ማሙሽ ደግሞ ከሻጩ ፕሮፎርማ ተቀበል። የብረቱ ውፍረት፣ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነ ይጻፍበት። ሻሸመኔ ብረታ ብረት ቤቶችም ጎራ በልና ስንት እንደሚሠሩት ጠይቅ። ሲሰበር የሚበይደው ሰው ቅርብ ከሆነ ትንሽ ቢወደድም እሱን እመርጣለሁ። ሁለቱንም ዋጋ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

የምድጃው ገንዘብ በእማዬ ስም ነው የሚመጣው፣ በአንተ አይደለም። አትቀየመኝ። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ።

ልጃችሁ
ከኦበርኪርሽ