ለወላጆች ቡድናችን፦ ጥፋቱ የእናት አይደለም

ውድ እናቶችና አባቶች፣

ባለፈው እሑድ ፒያሳ ስንገናኝ አንዷ እናታችን ስለ ልጇ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ልዩነት) «ምን በድዬ ይሆን?» ብላ አለቀሰች። እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሎርና ዊንግ እንግሊዛዊት የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። ልጃቸውም ኦቲዝም ነበረባት። በዚያ ዘመን «እናት ፍቅር ስለነፈገችው ነው» የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ! እሳቸው ይህን አልተቀበሉም። እ.ኤ.አ. በ1979 ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጁዲት ጉልድ ጋር ያወጡት የለንደን ካምበርዌል ጥናት፣ ኦቲዝም አንድ መልክ ብቻ እንደሌለው አሳየ። አንዱ ልጅ ከሰው ይርቃል። ሌላው ሲያቀርቡት ይቀርባል። ሦስተኛው ራሱ ይመጣል፣ ግን በራሱ መንገድ ነው። የእኔ ልጅ እንደ ሦስተኛው ነው፤ አዘዞ ታክሲ ውስጥ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ስለ ጎማ ይጠይቃል።

ጸበል የምትወስዱ ውሰዱ። የንግግር ልምምዱን ግን አታቋርጡ። እሑድ ያቺ እናት እንዳትቀር፣ በመንገዷ ያላችሁ ይዛችኋት ኑ።